አሊ ወደ አፋር አልዞረም

አያ ይመር መሞቱን የነገረኝ ባጃጅ ነጂ ነው። ከገበያ ክርና ዚፕ ገዝቼ ስመለስ በመስታወቱ አየኝና፣ "እናቴ፣ ሰፈራችሁ ዛሬ ሰው በዝቶበታል፤ እስከ ደጅሽ ላላደርስሽ እችላለሁ" አለኝ።

"ምን ተገኘ?"

"ያ የድንጋዩ መምህር አርፎ ነዋ!"

ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳይንስ ያስተማረ ሰው፣ ሲሞት የሚጠራው ስልክ ውስጥ ባለ ድንጋይ ሆነ። "ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን" አልኩ። ከዚያ ቀጥዬ በሆዴ ያልኩትን አልጽፈውም።

ሦስት ቀን ከሴቶቹ ጋር ድንኳን ውስጥ ተቀመጥኩ። ደግነቱ ተወራ፣ ዕውቀቱ ተወራ፣ ተማሪ መውደዱ ተወራ። እኔም ከሰው ጋር ራሴን ስነቀንቅ ሰነበትኩ። የተወራው ሁሉ ውሸት ነው አልልም። ነገር ግን ይህ ሰው ስድስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ዕረፍት ነስቶኛል። የተናገረውን ስህተት ነበር ብሎ ሲያነሳም ማንም በማይሰማበት ሰዓት አንስቶት ሄደ። ስለዚህ ሰው በሚያነበው ቦታ እኔ አነሳዋለሁ።

"አንቱ" ልለው ይገባኝ ነበር፤ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። በሕይወት ሳለ ብዬው አላውቅም። አሁን ብጀምር ራሱ ከመቃብር ተነስቶ ይስቅብኛል።

ቆቦ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት አብረን ሠርተናል። እኔ የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነበርኩ፣ እሱ ደግሞ ከግምጃ ቤቴ ቀጥሎ ባለው ክፍል ሳይንስ ያስተምር ነበር። በመሐላችን አንዲት ስስ ግድግዳ ብቻ ነበረች፤ ስለዚህ ሳልፈልግ የሱን ትምህርት በየዓመቱ ተምሬያለሁ። አጭር አንገት፣ ሰፊ ትከሻ፣ እንዲያው ሳላጋንን፣ ከፊቱ ቀድሞ ክፍል የሚገባ አፍንጫ ነበረው። ሲናገር አመልካች ጣቱን አፍንጫው ላይ ያሳርፍና ወደሚናገርለት ነገር ይሰነዝረዋል።

የሱ በሽታ መለካት ነበር። መደርደሪያዬን ለክቶ "በግራ በኩል ወርዷል" ይላል። የሰው ሰርግ ቤት ገብቶ ድንኳኑ በስንት ክንድ እንደተጣመመ ለሙሽራው አባት ይነግራል። የአሊና የኔ ሰርግ ላይ፣ የባሌ ጓደኛ ሆኖ ተጋብዞ መጥቶ፣ ሁለታችንን ጎን ለጎን አየና "ሙሽራዋ በሁለት ጣት ትበልጠዋለች" አለ። ሰው ሲስቅ አሊም አብሮ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የሚቆጣው ሰው ሲኖር አያ ይመር ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበረው፤

"እኔ አላልኩም። ልኬቱ ነው ያለው።"

በዚህ አነጋገሩ ስንት ሰው አስቀይሟል! የተናገረውን ነገር እጁ ውስጥ ላለ ሜትር አሸክሞ እሱ ንጹሕ ሆኖ ይሄዳል።

በግድግዳው በኩል ከሰማሁት ሁሉ አንዱ ትምህርት ከአእምሮዬ አልወጣም። የኮምፓስ ትምህርት ነው። በየዓመቱ አንድ ቀን ግምጃ ቤቴ ድረስ መጥቶ ያለችንን ብቸኛ ኮምፓስ ይወስዳል፤ ቀጥሎ ድምፁ ይሰማል።

"ኮምፓስ የያዘ ሰው ቢላ አይይዝም! የቁልፍ ዘለላ አይይዝም! ማግኔትማ አጠገቡ አይደርስም! ብረት የተጠጋው ኮምፓስ ምን ይሆናል?"

ስድሳ ተማሪ በአንድ ድምፅ፤ "ይዋሻል!"

ይህን ያዙልኝ።

ሁለታችንም ጡረታ ወጣን። እኔ በቤቴ የልብስ ስፌት መኪና ዘርግቼ መስፋት ጀመርኩ። እሱ ሥራ ፈታ። ሥራ የፈታ ለኪ ምን ዓይነት መዓት እንደሆነ ጎረቤቱ ያልሆነ ሰው አያውቅም። ከዚያ አረብ አገር ያለችው ልጁ ሰዓዳ ለዕረፍት መጥታ ስትመለስ የራሷን ስልክ ትታለት ሄደች። ጥሩ ስልክ ነው፤ እንደ መጽሐፍ የሚገለጥ ጥቁር የቆዳ ከቨር አለው፤ ሲዘጋ "ጧ" ብሎ ራሱን ይቆልፋል። ስልኩ ላይ ሰዓዳ ልጇን የምታባብልበት ጌም ተጭኖ ነበር።

ጌሙ አውሬ የሚሰበሰብበት ነው። ክፍል አንድ፣ ክፍል ሁለት እየተባለ ብዙ ዓመት የወጣ ነው አሉ። ሰው ስልኩን ይዞ መንገድ ለመንገድ ይዞራል፤ አውሬው ስልኩ ውስጥ ብቅ ሲል ይይዘዋል፤ ያሳድገዋል፤ ከሌላው ጋር ያጋጥመዋል። አያ ይመር መጀመሪያ ናቀው። አንድ ቀን ግን ለዘመድ ጥየቃ ዋጃ ሄዶ፣ መኪና ሲጠብቅ ስልኩን ቢከፍተው አንድ ድንጋይ ያዘ።

ያን ድንጋይ ስንት ጊዜ እንዳሳየኝ! ሰማያዊ ግራጫ፣ እግሮቹ ከሰውነቱ ሥር የማይታዩ፣ ዐይኑን የጨፈነ የሚመስል፣ ፊቱ ሙሉ አፍንጫ የሆነ አለት ነው። ሰውነቱ ማግኔት ነው። ጠላት ሲመጣበት አይሸሽም፤ በዙሪያው ያለውን ብረት ሁሉ ወደ ገላው ስቦ ለብሶት ይቆማል። የትም ይቁም የት አፍንጫው ሰሜንን ነው የሚያየው። የድንጋዩን ገጽ ከፍተህ ስልኩን ወደ ግራ ብታዞረው፣ ወደ ቀኝ ብታዞረው፣ ድንጋዩ ሰውነቱን እየጎተተ አፍንጫውን ወደ ሰሜን ይመልሳል። ስልኩ ውስጥ እውነተኛ ኮምፓስ ስላለ ነው።

አያ ይመር ሌሎቹን አውሬዎች ለቀቃቸው። "እነዚያ የልጅ ናቸው፤ ይሄ ግን ሳይንስ ነው" አለ። ብርቱ የማግኔት ኃይል ያለበት ቦታ ሲደርስ ድንጋዩ አድጎ ሌላ ግዙፍ አለት እንደሚሆን ጌሙ ነግሮታል። ያንን ቦታ ፍለጋ ቆቦን አዳረሳት። ወፍጮ ቤት ሞተር አጠገብ ቆሞ ታየ። የመብራት ትራንስፎርመር ሥር ቆሞ የመብራት ሠራተኞች አባረሩት። ሮቢት ድረስ ሄዶ የብረታ ብረት በያጆች በር ላይ ዋለ። ድንጋዩ አላደገም።

እስከዚህ ድረስ ጉዳቱ ለራሱ ነው። አሊ ሲሞት ግን ወደኔ ዞረ።

ለማያውቅ ልንገር። ቆቦ ሆኖ ለሚሰግድ ሰው ቂብላው ሰሜን ነው። መካ ቀጥ ብላ በሰሜናችን ነች። በልጅነታችን ስንማር፣ ፊትሽን ወደ ዋጃ መንገድ መልሺ ይሉን ነበር። ሟችም ሲቀበር ራሱ በምሥራቅ ወደ ዞብል ተራራ ይሆንና፣ በቀኝ ጎኑ ተጋድሞ ፊቱ ወደ ዋጃ ይመለሳል። እኔና አሊ አርባ ዓመት ገደማ አንድ ቤት ውስጥ ሰግደናል፤ እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ጀርባውን እያየሁ፣ ሁለታችንም ወደ አንድ አቅጣጫ። ስለ ትዳራችን ከዚህ በላይ አልናገርም።

በኛ ሰፈር ሴት ጀናዛ አትከተልም። አሊን ከደጄ ሸኘሁት፤ ወንዶቹ ቀብረውት ተመለሱ። እጃቸውን ታጥበው ድንኳን ገብተው ሳይቀመጡ አያ ይመር ሰው እየገፋ ወደኔ መጣ። በእጁ ስልኩ ነበር።

"ዘሐራ፣ አላህ ያጽናሽ። ከአንቺ የምደብቀው ነገር የለኝም።"

"አሚን። ምንድን ነው?"

"ጉድጓዱ ተጣሟል። እኔ ስልኩን ይዤ ቆሜ አየሁት። አሊ ፊቱ ወደ ዋጃ አይደለም፤ በምሥራቅ በኩል ወደ አፋር ዞሯል።"

"ምን አልክ?" አልኩት።

"እኔ አላልኩም፤ ልኬቱ ነው ያለው" ብሎ ከቨሩን "ጧ" አድርጎ ዘጋው።

አንድ ሽማግሌ ነገሩን ለማለዘብ ብለው፣ "አሊ ድሮም የአፋር ፍየል ሲያይ አንገቱ ይዞር ነበር!" አሉ። አሊ ከአፋሮች ፍየል እየገዛ የሚነግድ ሰው ነበር። ወንዶቹ ለቅሶ ቤት እንደሚሳቀው ዝቅ ብለው ሳቁ። ሽማግሌው ክፉ አላሰቡም። ነገር ግን ቀልድ የሚይዘው ቦታ ካገኘ አይነቀልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባሌ "ወደ አፋር የዞረው አሊ" ተባለ። ቆቦ ውስጥ አሊ የሚባል ብዙ ነው፤ ሰው ለመለየት ይመቸዋል።

የመስጊዳችንን ሸህ፣ ሸህ ኑሩን አስጠርቼ ጠየቅኋቸው። "ትንሽ ቢጣመም ሟች አይጠየቅበትም፤ ቀብርም አይከፈትም። አላህ ልቡን ያውቃል" አሉኝ። እኔ የጠየቅሁት ተጣሟል ወይስ አልተጣመመም ብዬ ነው። እሳቸው ቢጣመም ግድ የለም አሉኝ። "ግድ የለም" የሚል ሰው መጣመሙን ያመነ ነው።

ሄጄ እንዳላይ፣ ሄደች ተብሎ ይወራል፤ ሄደች ከተባለ አምናበታለች ይባላል። ሌላ ሰው ልኬ እንዳላስለካ፣ ሰው መለመን አልወድም። ስለዚህ ዝም አልኩ። በቀን አምስት ጊዜ ፊቴን ወደ ዋጃ መልሼ "አላሁ አክበር" ባልኩ ቁጥር ግን አሊ ይመጣብኛል፤ መሬት ውስጥ ተጋድሞ፣ እኔ ወደማላይበት ሲያይ። ሌላ ብዙ ነገር በእነዚያ ዓመታት አልፎብናል፤ ያም ሁሉ አልፎ ይሄኛው አላለፈም።

አያ ይመርስ? አያ ይመር ልኬቱን ቀጠለ። ወዲያው መስጊዱም ተጣሟል አለ! እንደሱ ድንጋይ ከሆነ የመስጊዱ ፊት አሊ በዞረበት በኩል ነው። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። አንድ ጉድጓድ ይጣመም ይሆናል፤ ከአያቶቻችን ጀምሮ የተሰገደበት መስጊድና ትናንት የተቆፈረ ጉድጓድ በአንድ ልክ አብረው እንዴት ይጣመማሉ? ግን ሐዘን ላይ ያለ ሰው የሚያምነው ክፉውን ነው።

ከዚያ በኋላ ተጣሞ መስገድ ጀመረ። ሰው ሁሉ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ቀጥ ባለ ረድፍ፣ በሶፍ ሲቆም፣ እሱ ብቻ ወደ ግራ ዘወር ብሎ ይቆማል፤ ክርኑ የጎረቤቱን ጎን ይወጋል። ከሴቶቹ መጋረጃ ጀርባ ሆኜ ክርክሩን የሰማሁት ያኔ ነው።

"አያ ይመር፣ ሶፉን አበላሸኸው። ቀጥ በል እንጂ!" አሉ ሸህ ኑሩ።

"እኔ ቀጥ ብያለሁ። የተጣመመው መስጊዱ ነው።"

"መስጊዱን የሠሩት አያቶቻችን ናቸው።"

"አያቶቻችን ስልክ አልነበራቸውም።"

"ስልክህ ውስጥ ያለው አውሬ ነው! ቂብላ በአውሬ አፍንጫ ይለካል?"

"አውሬ አይደለም፣ ሸህ ኑሩ። ድንጋይ ነው።"

"ድንጋይማ ከሆነ የባሰ ነው! ከድንጋይ ፊት መቆም ከተውን ስንት ዘመናችን!"

ሴቶቹ አፋቸውን በሻሻቸው ይዘው ሳቁ። በመጨረሻ ሸህ ኑሩ ከሶፉ ጫፍ፣ ግድግዳው ጥግ አቆሙት። እዚያ ክርኑ ግድግዳ እንጂ ሰው አይወጋም። አምስት ዓመት እዚያች ጥግ ላይ ጎኑን ሰጥቶን ሰገደ።

ይህ ሁሉ አልበቃ ብሎ አንድ ቀን ወፍጮ ቤት ተራ ስጠብቅ፣ አያ ይመር ውጭ ከወንዶች ጋር ቆሞ "ዘሐራ ዛሬም ንቅንቅ አላለችም" ሲል ሰማሁ። ወንዶቹ ይንከተከታሉ። ወጥቼ ፊቱ ቆምኩ።

"ዘሐራ ማን ነች?"

አልደነገጠም። ስልኩን አዙሮ አሳየኝ። ከድንጋዩ ራስ በላይ "ዘሐራ" ተብሎ ተጽፏል። በጌሙ ለያዙት አውሬ ስም ማውጣት ይቻላል አሉ።

"የሰው ስም ጠፍቶ ነው?"

"እስቲ አስቢው" አለ ጣቱን አፍንጫው ላይ አሳርፎ። "የትም ቢያዞሯት ወደ አቋሟ የምትመለስ። ካለችበት የማትነቃነቅ። በዙሪያዋ ያለ ብረት ሁሉ ወደሷ የሚሰበሰብ። ሠላሳ ዓመት አንዲት ሚስማር ከግምጃ ቤት ያላወጣችልኝ ሴት አንቺ ብቻ ነሽ። ሙገሳ ነው።"

"አፍንጫዋስ?"

"አፍንጫዋ የኔ ነው" አለ።

ወንዶቹ ፈነዱ። እኔ ዱቄቴን ትቼ ቤቴ ገባሁ። እንዳላኮርፍ የሚያደርግ ነገር በመሐል ሳይጨምር መሳደብ አይችልም ነበር፤ ሰው አኩርፎት እንኳ በሙሉ ልቡ አያኮርፈውም። ይህም አንዱ ጥፋቱ ነው።

ነገሩ የተገለጠው እኔ ቤት፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። አያ ይመር ሱሪ ሊያሳጥር መጣ። ስንት ጣት እንደማሳጥር ራሱ ለክቶ፣ ራሱ በኖራ አስምሮ ነው የመጣው። ስልኩን ከቨሩን ገልጦ ወደ ኋላ አጥፎ ስፌት መኪናዬ ጠረጴዛ ላይ አኖረና ስለ ልኬቱ ያስረዳኝ ጀመር። እኔ በንዴት ክንዴን ሳወራጭ የስፒል ቆርቆሮዬን ደፋሁት። ስፒሎቹን ለመልቀም ስልኩን ባነሳው አብረውት ተነሱ። አራት ስፒሎች ከከቨሩ ምላስ ጫፍ ላይ፣ "ጧ" ብሎ ከሚቆለፈው ቦታ፣ እንደ ጢም ተንጠልጥለዋል።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"የከቨሩ መዝጊያ ነው" አለ ቀና ሳይል። "እዚያች ጫፉ ላይ ማግ…"

ቃሉን አልጨረሰውም። ያቋረጠውም ራሱ ነው። ቀና ብሎ ስፒሎቹን አየ።

ሠላሳ ዓመት በግድግዳ የሰማሁት ነገር አፌ ላይ መጣ። "አያ ይመር፣ ብረት የተጠጋው ኮምፓስ ምን ይሆናል?"

አንዱን ስፒል ነቅሎ መልሶ ለቀቀው፤ ተመልሶ ተጣበቀ።

"ምን ይሆናል?"

"ይዋሻል" አለ፤ እንደ ተማሪ፣ ቀስ ብሎ።

ስልኩን ከከቨሩ ፈልቅቄ አወጣሁት። ጌሙ ተከፍቶ ነበር። ድንጋዩ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ ሰውነቱን እየጎተተ ዞረ፣ ዞረ፣ አፍንጫውን ወደ ዋጃ መንገድ አድርጎ ቆመ። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ወደሰገድኩበት። መስጊዱ ወዳየበት። ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ።

"ድንጋዩ አልተሳሳተም" አለ አያ ይመር፤ "ልብሱ ነው።"

"ስድስት ዓመት!" ብዬ ጮህኩ። "ስድስት ዓመት ሙሉ ባሌን…"

"አምስት ዓመት ከሰባት ወር" አለ።

መቀሱ በእጄ ነበር። አላህ ነው ያተረፈው።

ትንሽ ስረጋጋ እንዲህ አልኩት። "ለኔ ብቻ ብትነግረኝ አይቆጠርልህም። በለቅሶዬ ላይ በሰው ፊት ነው ያልከው፤ በሰው ፊት ታነሳዋለህ።"

"አነሳዋለሁ።"

"መቼ?"

"መጀመሪያ ቀብሩ ላይ ሄጄ ላረጋግጥ። ከቤትሽ ሆኜ አሊ ልክ ነው ብል ልኬት አይሆንም።"

ሄደ፤ ያለ ከቨሩ። ተመልሶ ደጄ ላይ ቆሞ "ልክ ነው" አለኝ። ልቤ ገና ሳያርፍ፣ "አንዴ የተለካ ግን የተለካ አይባልም" አለ። በሳምንቱ ደግሞ ሄደ። ጠዋት ሄደ፣ ከሰዓት ሄደ፣ ሙቀት ለውጥ ያመጣ እንደሆነ ብሎ በቀትር ሄደ። ሰባት ጊዜ ለካ። ያንን የሚያህል ነገር ሲናገር አንድ ጊዜ ብቻ የለካ ሰው፣ ለማንሳት ሰባት ጊዜ! መስጊድ ግን ወዲያው ቀጥ ብሎ መቆም ጀመረ። ሸህ ኑሩ ገርሟቸው "አያ ይመር፣ ምን አግኝቶህ ተቃናህ?" ቢሉት፣

"ይቅር ብያችኋለሁ" አላቸው።

በመጨረሻ እኔው ቀኑን ቆረጥኩለት። ለአሊ ሰደቃ ደገስኩ፤ ፍየል አሳረድኩ፤ በለቅሶዬ ላይ የነበሩትን ሁሉ፣ ያንን ቀልድ የተናገሩትን ሽማግሌ ጭምር ጠራሁ። ቁርኣኑ ተቀርቶ ዱዓው እንዳለቀ አያ ይመር ተነሳ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሴቶቹ መሐል ነበርኩ። የመጋረጃውን ጫፍ ጨብጬ ይዤዋለሁ።

"ወንድሞች" አለ። "ምድር ራሷ ማግኔት ነች።"

ከዚያ ጀመረ። ስለ ምድር ሆድ ብረት ተናገረ። ስለ ኮምፓስ መርፌ ተናገረ። ስለ ድንጋዩ ተናገረ፤ አፍንጫው ለምን ትልቅ እንደሆነ፣ ብረት ስቦ እንዴት እንደሚለብስ፣ ጌሙን የሠሩት ሰዎች እንዴት አዋቂ እንደሆኑ። ስለ ስልክ ከቨር አደጋ ተናገረ፤ ሁለት ሰዎች የራሳቸውን ከቨር አውጥተው አሳዩት፤ ለእያንዳንዳቸው ማብራሪያ ሰጠ። ሕፃናት አለቀሱ። ትሪዎቹ በበሩ በኩል ገቡ፤ ሰው ሁሉ እጁን ለመታጠብ ተነሳ፤ ማንቆርቆሪያና ሳፋ ተንኳኳ፤ "ወዲህ፣ ወዲህ!" የሚል ድምፅ ቤቱን ሞላው። በዚያ ሁካታ መሐል ነው የአያ ይመር ድምፅ፣

"…ስለዚህ አሊ ልክ ነው ያለው። እኔ ነበርኩ የተጣመምኩት" ብሎ የተቀመጠው።

እኔ ሰማሁት። ጆሮዬን መጋረጃው ላይ ለጥፌ ስለነበር ሰማሁት። ከወንዶቹ አንዱ "መጨረሻ ላይ ምን አለ?" ሲል፣ ሌላው "ስለ ማግኔት ነው" አለው።

ሳይመሽ ሰው ሲበተን አንዲት ጎረቤቴ እጄን ይዛ፣ "እንግዲህ ወደ አፋር የዞረውን አሊን አላህ ይማረው፤ ድግሱ ደስ ይላል" ብላኝ ወጣች።

አያ ይመርን በሩ ላይ ደረስኩበት። "ይሄ ነው ማንሳት ማለት?"

"ተናግሬያለሁ፣ ዘሐራ። ምክንያቱን ሳላስረዳ ብናገር ሰው እንዴት ያምናል?"

"ምክንያቱን ማን ጠየቀህ? 'ተሳስቻለሁ' ማለት አንድ ትንፋሽ አይፈጅም!"

ጣቱን አፍንጫው ላይ አሳረፈ፤ ወደ የትም አልሰነዘረውም። ከዚያ፣ "ኢንሻአላህ፣ በሚመጣው ጁምዓ መስጊድ ውስጥ፣ ከሰላት በኋላ እቆማለሁ። አንዲት ቃል ብቻ" አለ።

"አንዲት ቃል።"

"ልኬት የለ፣ ማግኔት የለ።"

ጁምዓው መጣ፤ እሱ ግን ረቡዕ ዕለት ደም ብዛቱ ተነስቶበት ወድቆ ሐሙስ ተቀብሯል። ሰው ሁሉ የሚያለቅስለት ሰዓት እኔ የተናደድኩበት ምክንያት ይህ ነው። በሕይወቱ አንድ ጊዜ አጭር ነገር ሊናገር ቃል ገብቶ፣ እሱኑ ጥሎ ሄደ።

በሦስተኛው ቀን ሰዓዳ፣ ከአረብ አገር ደርሳ፣ ሐዘንተኛ ዐይኗን እያሸች አጠገቤ ተቀመጠች። ስልኩን መዳፌ ላይ አኖረችው። ከቨር የለውም።

"አባዬ ሲወድቅ አፉ ገና አልተያዘም ነበር አሉ። 'ይሄን ለዘሐራ፤ ያለ ልብሱ' ነው ያለው። እኔ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም፣ እማ ዘሐራ። አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ነው።"

"አውቃለሁ" አልኩ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ሰው ምን ይለኛል ማለቱን ትቼ፣ ብቻዬን መቃብር ሄድኩ። ሰዓዳ ከበሩ ውጭ ጠበቀችኝ። የአሊን ቀብር በአረንጓዴ ቀለም ስሙ ከተጻፈበት ድንጋይ አወቅሁት። ራስጌው ዞብል በኩል ነው። ከጎኑ ቆሜ ስልኩን ከፈትኩ፤ "ዘሐራ" የሚል ጽሑፍ ከላይ፣ ከሥሩ ያ ባለ አፍንጫ አለት። ሰውነቷን ጎትታ ዞረችና ቆመች። አፍንጫዋ በቀብሩ ወገብ ላይ ቀጥ ብሎ አልፎ ወደ ዋጃ አየ። ስልኩን አዞርኩት፤ ተመለሰች። ደግሜ አዞርኩት፤ ተመለሰች። ሰባት ጊዜ አላስፈለገኝም።

አሊ ወደ ዋጃ ነው የሚያየው። ቆቦ ውስጥ ሌላ ስም ያወጣችሁለት ሁሉ ይህን አንብቡ።

ከዚያ ወጥቼ መሄድ ነበረብኝ። ነገር ግን የአያ ይመር ቀብር ከአሊ ብዙም አይርቅም፤ አፈሩ ገና አልደረቀም። ጉድጓዱን ቸኩለው እንደቆፈሩት ያስታውቃል። ስልኩ እጄ ላይ ክፍት ነው። ሄጄ አጠገቡ ቆምኩ። ዘሐራ ሰውነቷን እየጎተተች መዞር ጀመረች። በድንኳኑ ውስጥ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ሰዓዳ ፊት ምን ማለት እንደምችል አሰብኩ። አላሰብኩም ብዬ አልዋሽም። መዞሯን ሳትጨርስ ስልኩን አጠፋሁት።

ሰዓዳ ከበሩ ላይ ነበረች። ስልኩን በእጄ አየችው። አባቷ በአሊ ለቅሶ ላይ የተናገረውን ነገር ከሰው ሰምታ እንደነበር የገባኝ ያኔ ነው።

"እማ ዘሐራ" አለች ቀስ ብላ፣ "የአባዬስ? ቀጥ ያለ ነው?"

"ቀጥ ያለ ነው" አልኳት።

ልኬቱ አላለም። እኔ ነኝ ያልኩት።